መብራቱ «1000 ዋት» ይላል፣ ችግኞቼ ግን ክር ሆኑ (ደሴ፣ ሙጋድ)

ጭጋግ_ደሴ · ሐምሌ 6

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እስከዛሬ አንባቢ ብቻ ነበርኩ። አሁን ግን ቸግሮኝ መጣሁ።

ሙጋድ አካባቢ ተከራይቼ ነው የምኖረው። አንድ ክፍል፣ አንድ መስኮት። መስኮቱ የሚያየው የጎረቤት ግድግዳ ነው። የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ። ጠዋት ስነሳ ጦሳ የለም። አንዳንድ ቀን እስከ ምሳ ሰዓት ተራራው የት እንደገባ አይታወቅም። ልብስ ሦስት ቀን ገመድ ላይ ከርሞ እርጥቡን ይወርዳል።

በዚህ ላይ አትክልት አማረኝ። ግቢው ሲሚንቶ ነው፣ አከራዬም ባልዲ ደጅ እንዳስቀምጥ አልፈቀዱም። ስለዚህ ቤት ውስጥ ብዬ አንድ «የተክል ኤልኢዲ» የሚባል መብራት ኢንተርኔት ላይ ከሚሸጥ ሰው ገዛሁ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ 1000 ዋት ይላል። ብርሃኑ ወይን ጠጅ ነው።

የዘራሁት ሰላጣ፣ በሶብላና ቃሪያ ነው። ሰላጣው በአራተኛው ቀን ብቅ አለ። እልል አልኩ። በአሥረኛው ቀን እንደ ክር ተመዝዞ ተኛ። በሶብላው ሁለት ቅጠል ላይ ተቸክሎ ቀረ። ቃሪያው ጭራሽ አልወጣም። መብራቱ ከጣሪያ ነው የተንጠለጠለው፣ ከባልዲዎቹ አንድ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሌት ተቀን ይበራል።

ሌላም አለ፣ እንዳትስቁ። አከራዬ ከትናንት ወዲያ አንኳኩተው «ልጄ፣ ምን ቤት ነው የከፈተችው እያለ ሰው ይጠይቀኛል» አሉኝ። ማታ በመጋረጃው ቀይ ቀይ ሲል የሚያየው ሰው ምን ይበል?

የበሶብላ_እናት · ሐምሌ 6

ወይኔ ሳቄን! አይዞሽ እህቴ፣ እኔም ቧንቧ ውሃ ሰፈር እያለሁ በዚሁ መብራት ጎረቤት አምቶኛል። አሁን ነጭ ነው የምጠቀመው፣ ስሜም ጸዳ፣ በሶብላዬም አማረ። ለምን እንደሆነ የሚያብራሩ ሰዎች እዚህ አሉ፣ እኔ ግን አንድ ነገር ብቻ ልበልሽ። መብራቱን አውርጂው። አንድ ሜትር ማለት ለችግኝ ሰማይ ነው።

ጡረተኛው · ሐምሌ 7

ልጄ፣ እንዳትቀየሚኝ እንጂ ይሄ የመብራት ነገር አይገባኝም። የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ባለበት አገር ተክልን በአምፖል? ገራዶ ወርደሽ ብታዪ ያ ሁሉ ጎመንና ሽንኩርት አምፖል አይቶ አያውቅም።

ለማንኛውም ሰላጣሽ የወደቀው በመብራት ብቻ አይመስለኝም። አንገቱ ላይ፣ አፈሩን በሚነካበት ቦታ ጠቁሮ ቀጥኗል? እንደዚያ ከሆነ ውሃ አብዝተሽበታል። በብርድ ቀን የጠጣ አፈር አይደርቅም፣ ሻጋታው ግንዱን ይበላዋል። ጣትሽን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገቢ። እርጥብ ከሆነ አታጠጪ። ባልዲውንስ ከሥር በስተሽዋል?

ቆጣሪ_ቆጣሪ · ሐምሌ 7

ጋሼ ያሉት የውሃው ነገር እውነት ነው። ስለ መብራቱ ግን እኔ ልናገር፣ ሥራዬ ኤሌክትሪክ ነው።

እህት፣ ያ 1000 የሚለው ቁጥር ዋት አይደለም። ሻጮች «የድሮ መብራትን 1000 ዋት ይተካል» ለማለት ይጽፉታል፣ «ይተካል» የምትለዋን ግን ይተዋታል። እውነተኛው ከመብራቱ ጀርባ በጥቃቅን ፊደል አለ፣ ካለ። ከሌለ ራስሽ ለኪው። መሣሪያ መግዛት አያስፈልግሽም፣ ቆጣሪሽ ይበቃል።

ቆጣሪው ፊት ላይ ብልጭ የምትል ቀይ መብራት አለች። አጠገቧ 1000 ወይም 1600 የሚል ቁጥር ተጽፏል። አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሲቆጠር ስንት ጊዜ ብልጭ እንደምትል ነው የሚናገረው። ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ንቀይ፣ ፍሪጅም ቻርጀርም ሳይቀር። ያንን መብራት ብቻ አብሪ። ከዚያ 15 ደቂቃ ቁጭ ብለሽ ቁጠሪ። ያገኘሽውን በ4 አባዢ፣ በተጻፈው ቁጥር አካፍዪ፣ ከዚያ በ1000 አባዢ። የወጣው ዋት ነው።

ዲጂታል_ገበሬ · ሐምሌ 7

ወይን ጠጁን አትንቁት። ተክል የሚፈልገው ቀይና ሰማያዊ ብቻ ነው፣ አረንጓዴውን ስለሚመልሰው አይደል እንዴ አረንጓዴ መስሎ የሚታየን? ነጭ መብራት ግማሹ ብክነት ነው።

ፊዚክስ_12 · ሐምሌ 8

ዲጂታል፣ ግማሽ ልክ ነህ። ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል ቀይና ሰማያዊን አብልጦ ይወስዳል። ግን ቅጠል አረንጓዴውን የሚመልሰው ጥቂቱን ነው። አብዛኛውን ይጠቀምበታል፣ እንዲያውም አረንጓዴ ብርሃን ወደ ታችኞቹ ቅጠሎች ዘልቆ ይገባል። ተክል የሚሠራበት ብርሃን በጥቅሉ የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር የሆነው ነው፣ ዓይናችን የሚያየውም ከዚያ ብዙም አይወጣም።

ወይን ጠጅ መብራት የበዛበት ታሪክም አለው። በዓይን ከሚታዩት መጀመሪያ የመጣው ቀይ ኤልኢዲ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ኒክ ሆሎንያክ የሠራው። ጠንካራ ሰማያዊ ግን እስከ 1990ዎቹ አስቸገረ። የሠሩት ሦስት ሰዎች፣ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ፣ በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ወሰዱበት። ወይን ጠጁ የሁለቱ ድብልቅ ነው። ነጭ የኤልኢዲ አምፖል የምንለው ውስጡ ያው ሰማያዊ ኤልኢዲ ነው። ላዩ ላይ ቢጫ ዱቄት ተቀብቶ ነው ነጭ የሚመስለን። የተቃጠለ የኤልኢዲ አምፖል ካላችሁ ክዳኑን ፈልቅቁና እዩ፣ እንደ ሽምብራ ክክ ቢጫ ቢጫ የሚሉ ነጠብጣቦች ታገኛላችሁ። ስለዚህ ከሱቅ የምትገዙት ነጭ አምፖል ውስጥ ሰማያዊም፣ አረንጓዴም፣ ቀይም አለ። ተክል ያበቅላል።

ለጭጋግ፦ ዋናው ጥያቄ ቀለሙ ሳይሆን ቅጠሉ ላይ የሚያርፈው መጠን ነው። መብራትን ከአንድ ሜትር ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ስታወርጂ ቅጠሉ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። ርቀቱ በአራት ሲያንስ፣ አራት ጊዜ አራት። ሰፊ ፓነል ከሆነ ትንሽ ያንሳል፣ ነገሩ ግን ያው ነው። ችግኝሽ የተመዘዘው ብርሃን ፍለጋ ነው።

ሌት ተቀን ማብራቱንም ተዪ። አንዳንድ ተክል፣ ለምሳሌ ቲማቲም፣ ጨለማ ካላገኘ ቅጠሉ ይገረጣል። ከ14 እስከ 16 ሰዓት ይበቃል።

ጭጋግ_ደሴ · ሐምሌ 9

ቆጠርኩ! ቆጣሪው የጋራ ስለሆነ አከራዬን እትዬን አስፈቅጄ ነው። እሳቸውም ፍሪጃቸውን ነቅለው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው አጠገቤ ኩርሲ ላይ ተቀመጡ። አንድ ሰው ቆጣሪ ሲቆጥር አይተው አያውቁም። እኔ 10 ቆጠርኩ፣ እሳቸው 11። ተከራከርን። በመጨረሻ እንደገና 15 ደቂቃ ተቀመጥን፣ 10 ሆነ።

ቁጥሩ 1600 ነው። 10 በ4 ሲባዛ 40። 40 ለ1600 ሲካፈል 0.025። ማለትም 25 ዋት!! ከ1000 ውስጥ 975ቱ የት ሄደ?

እትዬ ደግሞ ከዚያ ሁሉ ቁጥር የገባቸው አንድ ነገር ነው፣ «ብዙ አይበላም ማለት ነው?» አሉኝ። ብቻ ፊታቸው ፈታ አለ።

ጋሼ፣ አንቱ ያሉት ልክ ነበር። አንገቱ ጠቁሯል። ባልዲውንም አልበሳሁትም።

ቆጣሪ_ቆጣሪ · ሐምሌ 9

አልተሰረቅሽም፣ ተታለልሽ እንጂ። 25 ዋት ራሱ መጥፎ አይደለም፣ ለአንድ ሳህን ችግኝ ይሆናል። ከጣሪያ ላይ ሆኖ ሲያበራ ነው የማይረባው።

ለእትዬ ደግሞ እንዲህ በያቸው። 25 ዋት በቀን 14 ሰዓት፣ 30 ቀን፣ 10.5 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ስለዚህ የወሩ የመብራትሽ ፍጆታ ሦስት ሰዓት እንጀራ እንደመጋገር ነው።

ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። ዲቫይደሩን መሬት ላይ፣ ከባልዲ ሥር አታስቀምጪ፣ ግድግዳ ላይ ስቀዪው። ገመዱ ደግሞ ወደ ሶኬቱ ከመግባቱ በፊት ዝቅ ብሎ ይርገብ። በገመዱ ላይ የሚወርድ ውሃ ሶኬት ውስጥ ሳይገባ እዚያው ዝቅታው ላይ ይንጠባጠባል። ትልልቅ ሰዎች ሲረሱት አይቻለሁ።

መብራት ሲጠፋም ንቀዪ። ሲመጣ ወዲያው አትሰኪ፣ ጥቂት ደቂቃ ታገሺ። ኤልኢዲን የሚገድለው ብዙ ጊዜ ሲመለስ ያለው ግፊት ነው።

ጡረተኛው · ሐምሌ 10

እንግዲያው አፈሩን በሚገባ እንሥራው። የግቢ ጥቁር አፈር ብቻውን ባልዲ ውስጥ ሲሚንቶ ይሆናል። አንድ እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ። ባልዲውን በጋለ ምስማር አምስት ስድስት ቦታ ብሺው። ትኩስ ፍግ እንዳታስገቢ፣ ሥሩን ያቃጥለዋል።

የተመዘዘውን ሰላጣ ተዪው፣ አይድንም። እንደገና ዝሪ፣ ዘሩንም ጥልቅ አትቅበሪው። በሶብላውን ግን አትጣዪው። ጠዋት ጠዋት በመዳፍሽ ዳበስ ዳበስ አድርጊው። ነፋስ እንደነካው ግንዱን ያደነድናል። ቀልድ እንዳይመስልሽ።

የመብራቱን ነገር ግን አሁንም አላመንኩም።

ፊዚክስ_12 · ሐምሌ 10

ጋሼ፣ ስለ ፀሐይ ያሉት ለገራዶ ማሳ እውነት ነው። ግን የዚህችን ልጅ መስኮት ያስቡት። ሜዳ ላይ የጠራ ቀትር ወደ 100,000 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) ይሰጣል። ግድግዳ የሚያይ መስኮት ውስጥ፣ በጭጋግ ቀን፣ ከ1,000 በታች ቢወርድ አይገርምም። ዓይናችን ስለሚላመድ ክፍሉ ብሩህ ይመስለናል፣ ተክሉ ግን አይታለልም።

የፈረንጅ ቪዲዮ ላይ የምናየውን ምክር እንዳለ መቅዳትም አያዋጣም። እነሱ መብራት የሚያበሩት በታኅሣሥ ነው፣ ቀናቸው ስምንት ሰዓት ብቻ ስለሚሆን። እኛ ጋ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ነው። የደሴ ታኅሣሥ ሌሊቱ ብርድ ቢሆንም ቀኑ ፏ ያለ ፀሐይ ነው። የኛ ችግር ያለው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው፣ እሱም የሰዓት ሳይሆን የደመና። ስለዚህ ጭጋግ፣ መብራቱ የሚያስፈልግሽ በክረምቱ ነው። ከመስከረም በኋላ እትዬን ለምነሽ ሁለት ባልዲ ደጅ አውጪ።

ቦርከና_ዳር · ሐምሌ 11

ከኮምቦልቻ ሰላም። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሌላ ዓለም ነው። እኛ ከናንተ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ እንላለን። እናንተ ብርሃን ትለምናላችሁ፣ እኔ ደግሞ ችግኜ እንዳይጠበስ ማዳበሪያ ጆንያ ቀድጄ ጥላ እሠራለሁ።

ቃሪያሽ ያልበቀለው በብርሃን ማነስ አይደለም እህት። ከአፈር ሥር ያለ ዘር ብርሃን ምን ያደርግለታል? ሙቀት ነው የጎደለው። ቃሪያ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይወዳል። እኔ ጋ ከአሥር ቀን አያልፍም። ደሴ በሐምሌ ቤት ውስጥ ስንት ዲግሪ ነው? እንደገና ዘርተሽ ሳህኑን ፕላስቲክ አልብሺና ፍሪጅ ላይ አስቀምጪው። ጀርባው ይሞቃል። ብቅ ያለ ቀን መብራት ሥር አውርጂ።

ካልሆነም እኔ ጋ የተረፈ ችግኝ አለ። ሚኒባስ ላይ እልክልሻለሁ።

ጭጋግ_ደሴ · ሐምሌ 19

ዜና አለኝ።

ፒያሳ ወርጄ ሦስት ነጭ አምፖል ገዛሁ፣ እያንዳንዳቸው 12 ዋት። የቴሌቪዥን ካርቶን አስተኝቼ ውስጡን በነጭ ወረቀት ለበጥኩት። መጀመሪያ ፎይል ልለጥፍ ነበር፣ የበሶብላ እናት በውስጥ መስመር «ይጨማደድና ብርሃኑን አንድ ቦታ ይሰበስበዋል፣ ነጭ ይሻላል» ብላ አስቀረችኝ። አምፖሎቹ ከችግኙ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ናቸው። ወይን ጠጁን ለጊዜው አልጋ ሥር ከተትኩት። መንደሩም ተረጋጋ።

በስልኬ የብርሃን መለኪያ አፕ አወረድኩ። 8,000 ሉክስ አለኝ። ይሄ ጥሩ ነው መጥፎ?

ታይመርም ገዛሁ፣ ያቺን በክብ ዙሪያዋ ጥቃቅን ጥርስ ያላትን። እዚህ ላይ ጉድ ሆንኩ። ከንጋቱ 11 እስከ ማታ 1 ሰዓት ብዬ በኛ ሰዓት ሞላኋት። ለካ እሷ በፈረንጅ ነው የምትቆጥረው! ከረፋዱ 5 ሰዓት በርታ ሌሊት 7 ሰዓት ትጠፋ ጀመር። እሱን አስተካከልኩ። ከዚያ ደግሞ በሳምንቱ ጭራሽ ግራ ገባኝ። ማታ 1 ሰዓት መጥፋት ያለባት 4 ሰዓት ላይም ገና እንደበራች ናት።

ቆጣሪ_ቆጣሪ · ሐምሌ 19

ሃሃ። መብራት ስንት ሰዓት ጠፍቶ ነበር በሳምንቱ ውስጥ? ያቺ ታይመር በኤሌክትሪክ ነው የምትሽከረከረው። መብራት ሲጠፋ እሷም ትቆማለች፣ ሲመጣ ካቆመችበት ትቀጥላለች። በሳምንት ሦስት አራት ሰዓት ብትዘገይ አይግረምሽ። በጠፋ ቁጥር ክቧን በእጅሽ አዙረሽ ከሰዓቱ ጋር አስተካክያት። ወይ ውስጧ ባትሪ ያላትን ዲጂታል ግዢ፣ እሷ ሰዓቷን አትረሳም።

ለተክሉ ግን አትጨነቂ። ግማሽ ቀን ጨለማ አይገድለውም። አንድ ቀን ሙሉ በጭጋግ እንደዋለ ቁጠሪው።

ፊዚክስ_12 · ሐምሌ 20

8,000 ለመጀመሪያ አይከፋም። ሉክስ የሰው ዓይን መለኪያ ነው። ለነጭ ኤልኢዲ በ70 ብታካፍዪው ተክሉ የሚቆጥረውን ማይክሮሞል፣ ማለትም በየሰከንዱ የሚያርፍበትን ብርሃን፣ በግምት ትደርሺበታለሽ፣ 115 ገደማ። (በወይን ጠጁ ላይ ይህ ስሌት አይሠራም፣ ዓይናችን ቀይና ሰማያዊውን አሳንሶ ነው የሚያየው።) ለጨቅላ ችግኝ ከ100 እስከ 200 ጥሩ ነው። ሰላጣ ሲያድግ 200 እና ከዚያ በላይ ይወዳል።

በቀን የሚጠራቀመውን ለማወቅ በሰዓቱና በ3600 አባዝተሽ ለሚሊዮን አካፍዪ። በ14 ሰዓት 5.8 ሞል ይመጣል። ሰላጣ 12 አካባቢ ሲያገኝ ነው የሚደሰተው። እንግዲህ አምፖሎቹን ወደ 15 ሳንቲ ሜትር አውርጂ፣ ሰዓቱን 16 አድርጊ። ቃሪያ ግን በዚህ ብርሃን ፍሬ አይሰጥሽም፣ 20 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ችግኙን አሳድጊና ለፀሐይ አስረክቢ።

ዲጂታል_ገበሬ · ሐምሌ 20

እሺ፣ ነጩን ተቀበልኩ። ግን ያ ወይን ጠጅ አልጋ ሥር መተኛቱ ያሳዝናል። 25 ዋት እኮ ነው።

የበሶብላ_እናት · ሐምሌ 20

ላንተ ትላከው፣ ሰፈርህ ይማህ 😂

ጭጋግ_ደሴ · ነሐሴ 27

ጠፍቼ ነበር፣ ሥራ በዛብኝ። ለጠየቃችሁኝ ሁሉ መልሱ ይኸው።

ሰላጣው ሠራ። እንደ ገበያው የተጠቀለለ አይደለም፣ ቅጠሉ ሰፋ ያለ ነው። ከውጭ ከውጭ እየቆረጥኩ ሦስት ጊዜ በላሁ። አፕ ላይ 11,000 ሉክስ ደርሻለሁ፣ በ16 ሰዓት 9 ሞል መሆኑ ነው። አንድ ባልዲ ግን ከሰመ። ከአፈሩ ትንንሽ ጥቁር ዝንብ ይነሳ ጀመር፣ አሁንም ውሃ አብዝቼ ነው። ጋሼ በውስጥ መስመር ተቆጥተውኛል።

በሶብላው ትከሻ አወጣ። ጫፉን ቀጥፌ ሁለት ቦታ ቀንድ አወጣ። እትዬ ሽሯቸውን ሲሠሩ ያንኳኳሉ። አሁን ደግሞ ጤና አዳም ትከዪልኝ እያሉ ነው፣ ለቡናቸው።

ቃሪያው ፍሪጅ ላይ ከተቀመጠ በ16 ቀኑ አራት ብቻ በቀለ። ከኮምቦልቻ የመጡት ስድስቱ ደግሞ... ቦርከና፣ አንተ ምንም አላጠፋህም። ሚኒባሱ ላይ ከጤፍ ጆንያ ሥር ሆነው፣ ተገልብጠው ነው የደረሱት። ሁለቱ ዳኑ። አንዱ ለብቻው አበባ ሊያወጣ ነው።

ጡረተኛው · ነሐሴ 28

አበባውን ቅጠፊው። ገና ጨቅላ ነው፣ መጀመሪያ ግንድ ያብጅ።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ጓዳዬ ጨለማ ነው፣ እዚያ ጠጅ ሳር አይሆንም አይደል? ናናስ? አምፖሉ 12 ዋት ነው ያልሽኝ?

ጭጋግ_ደሴ · ነሐሴ 28

አዎ ጋሼ፣ 12፣ ነጩ። ናና ይሆናል፣ ጠጅ ሳሩ ፀሐይ ይፈልጋል። የተረፈ የአምፖል መያዣ አለኝ፣ ቅዳሜ ይዤልዎት እመጣለሁ።

ቦርከና_ዳር · ነሐሴ 29

አብሽሪ፣ ሌላ ስድስት አለኝ፣ ረቡዕ ጠዋት እልካለሁ። በዚህኛው ረዳቱን አውቀዋለሁ።

ጭጋግ_ደሴ · ነሐሴ 29

እሺ። ካርቶኑ ላይ በአራቱም ጎን «ይህ ወደ ላይ» ብለህ በማርከር ጻፍበት። ከላይም ክዳን አታድርግ፣ ችግኝ መሆኑ ካልታየ ጆንያ ይጭኑበታል።